ከገዳም የወጣ መስታወት

ለኮሌጅ ጀማሪዎች የሚሰጠውን የሞገድ፣ የኦፕቲክስና የዘመናዊ ፊዚክስ ኮርስ የሥራ ዘመኔን ሙሉ ማለት ይቻላል አስተምሬዋለሁ። መማሪያ መጽሐፉ ሦስቱን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፤ ተማሪውም አንዱን ተፈትኖ ይረሳና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ ደግሞ በየሴሚስተሩ ጥቂት ሰዓት እየሰረቅሁ ሦስቱም በእጁ ስላለፉ አንድ ሰው አወራለሁ። ሰውየው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። መስታወት የሚያቀልጥና የሚሞርድ ባለ እጅ ነበር። ዛሬ በመጽሐፋችን ውስጥ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ስም መሆኑ ተረስቶ «የፍራውንሆፈር ዲፍራክሽን» በሚል ርዕስ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። (ከዚህ በታች ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1787 ባቫርያ ውስጥ ሽትራውቢንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መስታወት ገጣሚ ነበር፤ ዮሴፍ አሥራ አንደኛና የመጨረሻ ልጁ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ተከታትለው ሞቱ። አሳዳጊዎቹ መጀመሪያ እንጨት የሚቀርጽ ሰው ዘንድ አስገቡት፤ አቅሙ ለሥራው አልበቃም። በ1799 ሙኒክ ተላከና ለቤተ መንግሥት መስታወት የሚሠራ ቫይክሰልበርገር የሚባል ሰው ዘንድ ለስድስት ዓመት ያለ ደመወዝ ሙያ ሊለምድ ተቀጠረ። ጌትየው ሙያውን ቢያሳየውም መጽሐፍ እንዲያነብ አይፈቅድለትም ነበር።

በ1801፣ በጁላይ 21 ቀን፣ የሚሠሩበት ቤት ተደረመሰ። የጌትየው ሚስት ሞተች፤ ተለማማጁ ዮሴፍ ግን ከብዙ ሰዓት ቁፋሮ በኋላ ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት ወጣ። የባቫርያው ገዥ ማክሲሚልያን ዮሴፍ እቦታው ድረስ መጥቶ ነበርና ለልጁ 18 ዱካት ሰጠው። በዚያ ገንዘብ ዮሴፍ የመስታወት መሞረጃ መሣሪያ ገዛ፤ የቀረውንም የተለማማጅነት ዘመኑን ከፍሎ ራሱን ነጻ አወጣ። በዚያው ሰሞን ዩትሽናይደር የሚባል፣ የመንግሥት ሹም የነበረ ባለሀብት ልጁን አይቶ የሒሳብና የኦፕቲክስ መጻሕፍት ሰጠው። ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ገዥው በሰጠው ወርቅ ላይ ይረዝማሉ። በእኔ ሚዛን የዩትሽናይደር መጻሕፍት ይበልጣሉ፤ ወርቁ ከአንድ ጌታ ነጻ አወጣው እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አልነገረውም።

ያ ዘመን የናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ነው። ባቫርያ አገሩን እየለካ ካርታ ያነሳ ነበር፤ ለካርታ ማዕዘን የሚለካ ቴዎዶላይት፣ ለቴዎዶላይት ደግሞ ጥሩ ምስሪት (ሌንስ) ያስፈልጋል። የምስሪት አገር እንግሊዝ ነበረች። በ1806 ናፖሊዮን የአውሮፓን ወደቦች በእንግሊዝ ዕቃ ላይ ሲዘጋ ያ በር ጠበበ። ዩትሽናይደር ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ሙኒክ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ከፍቶ ነበር፤ መስታወቱን ራሱ ለማምረት ቆረጠ። መንግሥት በ1803 ገዳማትን ወርሶ ስለነበር፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለውን የቤኔዲክትቦየርንን ገዳም ቀደም ብሎ በ1805 ገዝቶት ነበር። ቦታው ከስምንተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመነኮሳት መኖሪያ ነበር። ለዩትሽናይደር ግን ሰፊ ቤት፣ ጸጥታና በዙሪያው የማያልቅ ማገዶ ያለበት ደን ነው። የገዳሙ አንድ ክፍል እቶን ተተከለበት።

የኦፕቲክስ መስታወት ችግር እንዲህ ነው። በአንድ ምስሪት ብቻ የተሠራ ቴሌስኮፕ ቀለማትን በየራሳቸው መጠን ስለሚሰብር ኮከቡ ዳር ዳሩን ቀይና ሰማያዊ ይለብሳል። ኒውተን ይህ መድኃኒት የለውም ብሎ ወደ መስታየት ቴሌስኮፕ ዞረ። በ1758 የለንደኑ ዶሎንድ ሁለት ዓይነት መስታወት አጣምሮ ቀለሙን የሚያጠፋ ምስሪት በስሙ አስመዘገበ፤ አንደኛው ተራው ክራውን፣ ሁለተኛው እርሳስ የተጨመረበት ፍሊንት ነው። ጣጣው ያለው ከፍሊንቱ ላይ ነው። እርሳሱ ከባድ በመሆኑ ሲቀልጥ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ መስታወቱ ከላይና ከታች እኩል አይሆንም፤ በመካከሉም ጅማት የሚመስል ነገር ይሄድበታል። ትኩስ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር ሲሟሟ ከሥር የሚነሡትን ክር መሳይ መስመሮች ያየ ሰው ጅማቱን አይቶታል፤ ምክንያቱም አንድ ነው። ማንኪያ ካልገባበት አይጠፋም።

ማንኪያውን ያገኘው ፒየር ሉዊ ጊናን ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሌ ብሬኔ በምትባል መንደር የሰዓት ሣጥን የሚሠራ፣ ደወልም የሚያቀልጥ አናጢ ነበር፤ እድሜውን በገዛ ገንዘቡ መስታወት ሲያቀልጥ ፈጀ። ብረት ቢያስገባበት መስታወቱን ያቀልመዋል፤ እንጨት ቢያስገባበት ይከስላል። በመጨረሻ ማቅለጫው ማሰሮ ከተሠራበት እሳት የማይበግረው ሸክላ መማሰያ ሠርቶ ቀልጦ የሚፍለቀለቀውን መስታወት አማሰለው። ነገሩ ሲሰማ እጅግ ቀላል ነው፤ ያለ እሱ ግን ሰፊና ንጹሕ የፍሊንት ምስሪት የለም። ዩትሽናይደር ጊናንን አስመጥቶ ቤኔዲክትቦየርን ውስጥ አስቀመጠው። ፍራውንሆፈር በ1806 ድርጅቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጊናን ምስጢሩን ለዚህ ወጣት እንዲያሳይ በውል ተገደደ። ሽማግሌውና ወጣቱ አልተስማሙም። ጊናን ከ1813 ማለቂያ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እቶኑም በፍራውንሆፈር እጅ ቀረ።

ታሪኬ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ነው። ፍራውንሆፈር ከሌሎቹ መስታወት ሠሪዎች የተለየው ምስሪቱን በዓይን ግምት መሞረድ ስላልወደደ ነው። ሁለቱን መስታወቶች አስማምቶ ለመቁረጥ እያንዳንዱ መስታወት እያንዳንዱን ቀለም በስንት መጠን እንደሚሰብር በቁጥር ማወቅ ነበረበት። «ቢጫ» ማለት ግን ምን ማለት ነው? ኅብረ ቀለም ድንበር የለውም፤ ብርቱካናማው ሳይታወቅ ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫው ሳይታወቅ አረንጓዴ። ለአንዱ ቢጫ የሆነው ለሌላው አይሆንም፤ ስለዚህ ምልክት መፈለግ ነበረበት። የፋኖስ ብርሃን በፕሪዝም ሲያይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ጥንድ ደማቅ ቢጫ መስመር አገኘ። ፀሐይም ይህ መስመር ይኖራት እንደሆነ ለማየት በ1814 ክፍሉን አጨልሞ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ከፈተ። ከስንጥቁ 24 ጫማ ርቆ ቴዎዶላይቱን አቆመ፤ ከፊቱ ከራሱ ፍሊንት የተሠራ ፕሪዝም አስቀመጠ።

ያየው የጠበቀውን አይደለም። ደማቁ ቢጫ ጥንድ በነበረበት ቦታ ጥቁር ጥንድ አለ፤ እሱ ብቻም አይደለም፤ ኅብረ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር መስመሮች ተሰንጥሯል። እንግሊዛዊው ዎላስተን በ1802 ጥቂቶቹን አይቶ የቀለማት ድንበር መስለውት አልፏቸዋል። ባለ እጁ ግን ዕቃውን ጠረጠረ። ፕሪዝሙን ቀየረ፤ ስንጥቁን አሰፋ፤ አጠበበ፤ ርቀቱን ለዋወጠ። መስመሮቹ ቦታቸውን አልለቀቁም። ስለዚህ ከመስታወቱ የመጡ ሳይሆኑ የብርሃኑ ናቸው ብሎ ደመደመ። ከዚያም 574 ያህሉን ቆጥሮ በሥዕል አሰፈረ፤ ለጎላ ጎሉት ከቀይ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ፊደል ሰጣቸው። ጥቁሩ ቢጫ ጥንድ «ዲ» የሚለው ፊደል ደረሰው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ይጠራል። ሥራው በሙኒክ አካዳሚ መጽሔት በ1817 ታትሞ ወጣ።

ቬነስንም አየ፤ የፀሐይን መስመሮች አገኘባት፤ የምታበራው በፀሐይ ብርሃን ነዋ። ሲርየስ የተባለው ኮከብ ግን ሌላ ነገር አሳየው፤ ሦስት ሰፋፊ ጥቁር ቅቦች፣ አንዱ በአረንጓዴው፣ ሁለቱ በሰማያዊው ላይ። ኮከብ ከኮከብ በብርሃኑ መለየቱ በቁጥርና በሥዕል ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነው።

መስመሮቹ ምን እንደሆኑ ፍራውንሆፈር አልተናገረም፤ ይህን በጣም እወድለታለሁ። መላ ምት አላበዛም። ምልክት ፈልጎ ነበር፣ ምልክት አገኘ፤ የየመስታወቱን የስብረት መጠን በመስመሮቹ እየለካ በብዙ የአሥርዮሽ ቤት ጻፈና ወደ እቶኑ ተመለሰ። ፈላስፋ ቢሆን ኖሮ ሃያ ዓመት ይከራከርባቸው ነበር፤ እሱ ግን ዕቃ የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩት።

ቀጥሎ ወደ ሞገድ ገባ። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ያንግ፣ ከዚያም ፈረንሳዊው ፍሬኔል ብርሃን ሞገድ ነው የሚለውን ሐሳብ አንሥተው ነበር፤ በ1818 ፍሬኔል ለፓሪሱ አካዳሚ ውድድር ያቀረበው ጽሑፍ ብዙ ተቃዋሚ ዝም አሰኝቷል። ያንግና ፍሬኔል ያተኮሩት በአንድ ወይም በሁለት ስንጥቅ ላይ ነው። ፍራውንሆፈር ሁለት ጥርሳቸው ደቃቅ የሆኑ ብሎኖች ትይዩ አቁሞ በጥርሶቹ ላይ ቀጭን ሽቦ ጠመጠመ፤ 260 ትይዩ ሽቦዎች፤ ዛሬ ግሬቲንግ የምንለው ይህንኑ ነው። ብርሃን በሽቦዎቹ መካከል ሲያልፍ እንደ ፕሪዝም ቀለም አወጣ፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ፕሪዝም ብርሃኑን ስንት እንደሚያጎብጥ የሚወስነው መስታወቱ ነው፤ በግሬቲንግ ግን የሚወስኑት በሽቦዎቹ መካከል ያለው ርቀትና የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ብቻ ናቸው። ርቀቱን ካወቁ፣ ማዕዘኑን ከለኩ፣ የሞገድ ርዝመቱ በአንድ መስመር ሒሳብ ይወጣል። ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ወር የሚሸመድዱት ፎርሙላ ይኸው ነው። በ1821 ያሳተመው የዲ መስመር ልኬት ዛሬ ከምናውቀው 589 ናኖሜትር እምብዛም አይርቅም፤ ከ6 አሥር ሺሕኛ ሚሊሜትር ጥቂት የሚያንስ ርዝመት በሽቦና በብሎን ተለካ። በኋላ ሽቦውን ትቶ በአልማዝ ጫፍ መስታወት ላይ መስመር መጫር ጀመረ።

ክብሩስ? አካዳሚው በ1817 ተቀበለው፤ ከፍ ወዳለ አባልነት ይግባ ሲባል ግን ሥርዓት ያለው ትምህርት የለውም፣ እጅ ሠራተኛ ነው የሚሉ አባላት ተነሥተው ነበር። በእኛም አገር አንጥረኛውንና ሸማኔውን መናቅ ሥር የሰደደ ስለነበር አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ ስለዚህ የሙኒክን አካዳሚ ለመውቀስ እኛ የመጀመሪያ መሆን አንችልም። ፍራውንሆፈር ግን በ1824 የማዕረግ ስም ተሰጠው፤ «ፎን» ተጨመረለት። በዚያው ዓመት ለዶርፓት፣ ለዛሬዋ የኢስቶኒያ ከተማ ታርቱ፣ ቴሌስኮፕ ላከ። የምስሪቱ ስፋት 24 ሴንቲሜትር ነበር፤ በምስሪት ከሚሠሩት መካከል በዘመኑ አቻ አልነበረውም። ሽትሩፈ የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ጥንድ ከዋክብትን ያጠናው በእሱ ነው።

ስለ ብርሃን ያገኘውን ሁሉ ያሳትም ነበር፤ ስለ እቶኑ ግን አንድ ቃል አይወጣውም። ድርጅቱ የሚኖረው በዚያ ምስጢር ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል እሱ ዘንድ ድረስ ሄዶ ስለ ብርሃን ብዙ ተምሮ ሲመለስ፣ መስታወቱ እንዴት እንደሚቀልጥ ግን አልተነገረውም። እንግሊዞች በዚህ ተቃጠሉ፤ ምስሪት ሸጪ የነበሩት ገዢ ሊሆኑ ነው። በእነሱ ዘንድ ደግሞ መስታወት የሚቀረጠው በክብደቱ ስለነበር ሠሪው በሙከራ ሊጫወት አይደፍርም። ኮሚቴ ተቋቁሞ ሥራው ለማይክል ፋራዳይ ተሰጠ። ፋራዳይ ከ1825 ጀምሮ አምስት ዓመት ያህል ለፋበት፤ በ1827 እሚሠራበት ተቋም ውስጥ ምድጃ አስገነባ። የቤኔዲክትቦየርንን መስታወት አልደረሰበትም፤ ሥራውንም ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ ተመለሰ። ከዚያ ጥረት የተረፈውን አንድ ቁራጭ እርሳስ ያለበት ከባድ መስታወት ግን አልጣለውም። በ1845 በዚያ ቁራጭ ውስጥ ብርሃን ሲያሳልፍ ከአጠገቡ ማግኔት አቆመ፤ የብርሃኑ የርግብግቢት አቅጣጫ ዞረ። ብርሃንና ማግኔት ዝምድና እንዳላቸው የታወቀው ለገበያ ሳይበቃ በቀረው መስታወት ነው።

ፍራውንሆፈር በ1826 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ዕድሜው 39 ነበር። የእቶኑ ምስጢር የወጣው ግን በሌላ በኩል፣ በቂመኛው በጊናን ቤት ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ለፈረንሳዊው ቦንታን ሸጠው። ቦንታን በ1848 አብዮት ሸሽቶ በርሚንግሃም አጠገብ ወዳለው የቻንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ ይዞት ገባ። እንዲህ ሲዘዋወር ዕውቀቱ ለዓለም ሁሉ ደረሰ፤ በምስጢር የተቀመጠ የእጅ ሙያ ወይ በቂም ይወጣል፣ ወይ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

አሁን ወደዚያ ቢጫ ጥንድ ልመለስ፤ የኮርሱ ሦስተኛ ክፍል ያለው እሱ ውስጥ ነው። በ1859 ሃይደልበርግ ውስጥ ኪርኾፍና ቡንዘን የዲ ጥንድ የሶዲየም መሆኑን አሳዩ። ሶዲየም ማለት የምንበላው ጨው ግማሽ ነው፤ ወጥ ገንፍሎ የጋዝ ምድጃ ላይ ሲፈስ እሳቱ ቢጫ የሚሆነው በእሱ ነው። ኪርኾፍ የፀሐይን ብርሃን ጨው በተጨመረበት ነበልባል ውስጥ ቢያሳልፈው የዲ ጥቁረት ባሰ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አንድ ጋዝ ሲግል የሚያወጣውን ብርሃን፣ ከእሱ ይበልጥ ከጋለ ነገር ሲመጣበት ይውጠዋል። ስለዚህ በፀሐይ ዙሪያ ሶዲየም አለ። በትምህርት ክፍል ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ ሳይሄዱ?» አዎ፣ ሳይሄዱ። በ1868 የፀሐይ ግርዶሽ ከዲ አጠገብ፣ ግን በዲ ላይ ያልሆነ ቢጫ መስመር ታየ፤ ምድር ላይ የሚመስለው አልተገኘም። ሄልየም ብለው ሰየሙት፤ ራምዚ ምድር ላይ ያገኘው በ1895 ነው።

ፍራውንሆፈር ሲ እና ኤፍ ያላቸው መስመሮች ደግሞ የሃይድሮጅን ናቸው። እነሱንና ሌሎች ሁለት የሃይድሮጅን መስመሮችን ይዞ፣ ባዝል ውስጥ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረው ባልመር በ1885 አራቱን የምታስማማ አንዲት ቀመር ጻፈ። ለምን እንደምትሠራ አላወቀም። በ1913 ቦር መልሱን ሰጠ፤ ኤሌክትሮኑ ከተወሰኑ የኃይል ደረጃዎች ውጭ መቆም አይችልም፣ መስመሩም ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወርድ የሚሰጠው ብርሃን ነው። ዲ ግን ለምን ጥንድ እንደሆነ ይህ አያስረዳም። ፍንጩ የመጣው ከማግኔት በኩል ነው። ፋራዳይ በ1862 የሶዲየምን ነበልባል በማግኔት መካከል አድርጎ ለውጥ ፈልጎ አጥቷል፤ ኔዘርላንዳዊው ዜማን ይህንን አንብቦ በ1896 በተሻለ ግሬቲንግ ሲደግመው መስመሮቹ ሲሰፉ አየ። በ1925 ኡለንቤክና ጎድስሚት ኤሌክትሮን ስፒን አለው አሉ። የዲ ጥንድነት የመጣው ከዚያ ነው፤ ስፒኑ በሁለት አቅጣጫ መቆም ስለሚችል አንዱ ደረጃ ለሁለት ይሰነጠቃል። ባለ መስታወቱ በ1814 የጻፈው ጥንድ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ትርጉሙን አገኘ።

ኔፕቱን በ1846 በርሊን ላይ የተገኘችበት ቴሌስኮፕ ከዚያው ወርክሾፕ የወጣ ሲሆን ዛሬ ሙኒክ ባለው የዶይቸስ ሙዚየም ይታያል። የቤኔዲክትቦየርን እቶን ቤትም ለጎብኚ ክፍት ነው። እዚያ መድረስ ለማይችል መምህር ግን አንድ ልመና አለኝ፦ የቦርን ምዕራፍ ከመክፈታችሁ በፊት ተማሪዎቻችሁ ዲን በገዛ ዓይናቸው ይዩት። የሶዲየም መብራት ያለው ላቦራቶሪ ዕድለኛ ነው፤ መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ ሮዝ ስለሚሆን ተበላሽቷል ብላችሁ አታጥፉት፣ ቆይቶ ይቢጫል። የሌለው ደግሞ ጨው፣ የስፒሪት ፋኖስ፣ በምላጭ የተሰነጠቀ ካርቶንና አሮጌ ሲዲ ይበቃዋል፤ ሲዲ በሚሊሜትር 625 ያህል መስመር ያለው ግሬቲንግ ነው። ጥንዱን አይለይም፤ ቢጫዋን መስመር ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በዚያው ሲዲ የቀን ብርሃንን ስታዩ ስንጥቁን እጅግ አጥብቡት፣ ጥቁሮቹ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ፀሐይን በቀጥታ አትዩ፤ ከነጭ ግድግዳ የሚመለሰው ብርሃን በቂ ነው።